የደንበኞቼን የይለፍ ቃሎች በአንድ ማስቀመጫ ልሰብስብ ወይስ በደብተር ይቆዩ?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በመኖሪያ ቤቴ ሆኜ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ የምይዝና የግብር ማሳወቂያቸውን በኢንተርኔት የምሞላ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአሥራ አራት ደንበኞች የኢሜይልና የግብር ድረ ገጽ የይለፍ ቃል በእኔ እጅ ይገኛል። አብዛኞቹ በሰኞ ገበያና በፒያሳ ሱቅ ያላቸው፣ ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ሰዎች ስለሆኑ፣ የይለፍ ቃላቸውን ሲሰጡኝ የሱቃቸውን ቁልፍ የተቀበልኩ ያህል ይሰማኛል።

እስካሁን ቃሎቹን የጻፍኩት በአንድ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ ሲሆን፣ በየቀኑ የምጠቀምባቸውን ደግሞ ክሮም እንዲያስቀምጥልኝ ፈቅጄ ነበር። ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ከፎቶ ኮፒ ቤት ያመጣውን ፍላሽ በኮምፒዩተሬ ላይ ከሰካ በኋላ፣ በፍላሹ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው አገኘናቸው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ተንቀራፈፈ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም የአንድ ደንበኛዬ ኢሜይል ከማናውቀው ቦታ ለመግባት እንደተሞከረ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሁለቱ ነገሮች ይገናኙ እንደሆነ አላውቅም፤ እንቅልፍ ግን ነስተውኛል።

ወንድሜ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ሶፍትዌር እንድጠቀም ይመክረኛል። አዲስ አበባ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ግን፣ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ትልቅ ድርጅት ራሱ ተዘርፏልና እህልን ሁሉ በአንድ ጎተራ ከትቶ ቁልፉን ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ይቆጠራል ትለኛለች። ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 10 ሲሆን፣ አክቲቬት ያደረገልኝ የሸጠልኝ ሰው ነው። ማስቀመጫው በእርግጥ አደጋ አለው ወይ? ኮምፒዩተሩንስ በምን ቅደም ተከተል ላጽዳው? የሌላ ሰው አደራ ስለሆነብኝ በጥንቃቄ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም እህታችን። የአጎትዎ ልጅ የነገረችዎ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የዚያ ታሪክ ዋናው ትምህርት እርስዋ ከነገረችዎ ክፍል ቀጥሎ የሚመጣው ስለሆነ በዝርዝር ልንገርዎ።

ድርጅቱ ላስትፓስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ክፍል መደፈሩን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ የደንበኞቹ ማስቀመጫዎች መጠባበቂያ ቅጂ መወሰዱን አመነ። በቅጂው ውስጥ የተጠቃሚ ስሞችና የይለፍ ቃሎች የተመሰጠሩ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ የተደረጉ ነበሩ፤ የድረ ገጾቹ አድራሻ ግን ሳይመሰጠር በግልጽ ተቀምጦ ስለነበር፣ ሌባው ሳጥኑን መክፈት ባይችል እንኳ ማን በየትኛው ባንክና በየትኛው አገልግሎት ሒሳብ እንዳለው ማንበብ ይችላል። ሳጥኑ በእጁ ስለገባም ማስቀመጫውን የሚከፍተውን ዋናውን የይለፍ ቃል እየገመተ ያለ ምንም ገደብ፣ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ሊሞክር ይችላል። እዚህ ላይ የግለሰቡ ዋና ቃል ጥንካሬ ብቻውን ይቀራል። ድርጅቱ ቃሉን ወደ ቁልፍ ለመለወጥ ስሌቱን ከ100,000 ጊዜ በላይ እንዲደጋገም አድርጎ የነበረ ቢሆንም፣ ቀደም ብለው የተከፈቱ አንዳንድ ሒሳቦች በ5,000 ወይም ከዚያ ባነሰ ድግግሞሽ ቀርተው ስለነበር፣ የእነርሱ ባለቤቶች ከሌሎቹ ይልቅ ተጋለጡ። ድግግሞሹ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ግምት ለሌባው ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት የሚመከረው 600,000 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ድርጅቱ ባወጣው ማብራሪያ መሠረት፣ ሌቦቹ ወደዚያ መጠባበቂያ የደረሱት የአንድ ከፍተኛ መሐንዲስ የቤት ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ በነበረ፣ ክፍተት ባለው የሚዲያ ሶፍትዌር በኩል ገብተው፣ በኪቦርድ የሚጻፈውን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ከተከሉበት በኋላ ነው። ሰውየው ዋናውን ቃሉን ሲጽፍ ቀዱት። ምስጠራው አልተሰበረም፤ የተሰበረው ቤት ውስጥ የነበረው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ ሁለት ይምሰል እንጂ አንድ ነው፤ ማስቀመጫው ሊታመን የሚችለው የሚከፈትበት ኮምፒዩተር እስከታመነ ድረስ ብቻ ነው።

ለእርስዎ ሥራ እኔ የምመርጠው ኪፓስኤክስሲ የተባለውን ነው። ነፃ ነው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው፤ ከሁሉም በላይ ማስቀመጫው በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ አንድ የተመሰጠረ ፋይል ስለሆነ ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም ይከፈታል። በእኛ አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቢትዋርደን የተባለው ደግሞ ፋይሉን በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ፣ ከስልክዎም ሆነ ከኮምፒዩተርዎ የሚያገናኝዎ ሲሆን፣ እርሱም ጥሩ ነው፤ ሆኖም የአሥራ አራት ሰው አደራ ለያዘ ሰው ፋይሉ የት እንዳለ በዓይን ማየት ዕረፍት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

በዚህም በኩል ቢሆን አደጋ የለም አልልም። የኪፓስኤክስሲ ዘመድ በሆነው፣ ኪፓስ በተባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ዋናው ቃል ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ከፊሉ ተለቅሞ ሊወጣ የሚችልበት ክፍተት ተገኝቶ በ2.54 ስሪት ተዘግቷል፤ ክፍተቱን ለመጠቀም ግን ሌባው አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ ውስጥ መግባት ነበረበት። በዚያው ዓመት አጭበርባሪዎች የኪፓስን ድረ ገጽ አስመስለው፣ በአድራሻው ውስጥ አንዷን ፊደል ከሥሯ ትንሽ ምልክት ባላት ፊደል ተክተው፣ በጎግል ማስታወቂያ አማካይነት ከፍለጋው ውጤት በላይ አስወጥተውት ነበር። ስለሆነም ሶፍትዌሩን ሲያወርዱ ማስታወቂያ የሚል ምልክት ያለበትን ውጤት አይንኩ፤ አድራሻውን ራስዎ በእጅዎ ይጻፉት፤ ከቴሌግራም ቻናልም ሆነ ከሰው ፍላሽ አይውሰዱ።

መልስ፦ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ፣ ደሴ ፒያሳ

ጤና ይስጥልኝ። የኮምቦልቻው ወንድማችን የተናገረውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ የምጨምረው ቅደም ተከተሉን ነው። እባክዎን አሁን ባለው ኮምፒዩተር ላይ ምንም ማስቀመጫ አይክፈቱ። ሌባው ቤት ውስጥ ሳለ በሩን መቀርቀር ይሆናል።

ፎልደርን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ በየቀኑ የምናየው ነው። ፋይሎቹን አያጠፋቸውም፤ ይደብቃቸውና በቦታቸው ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት ይተክላል፤ ሰው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሲጫነው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል። ስለዚህ ፋይሎችዎ እዚያው ስላሉ አይደንግጡ። ከእርሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አክቲቬተሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርገው ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ሲጫኑ አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚል ትእዛዝ አላቸው፤ ያን ጊዜ አብሯቸው የገባው ሌላ ነገር ማንም ሳያየው ይቀመጣል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለደንበኞቼ ስጭን ኖሬ፣ በውስጡ የሚመጣውን ካየሁ በኋላ ትቻለሁ፤ በዚህ ነገር ሰዎችን መጉዳቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ከተሰበረ ሶፍትዌር፣ እና ከአክቲቬተር ጋር በብዛት የሚመጡት ሰራቂ ፕሮግራሞች ይባላሉ፤ ሬድላይንና ሉማ በስማቸው የታወቁ ናቸው። ኮምፒዩተሩን አያበላሹም፤ ድምፅም አያሰሙም። ዊንዶውስ ላይ ክሮም ያስቀመጣቸው ቃሎች የሚመሰጠሩት በተጠቃሚው አካውንት ቁልፍ ስለነበር፣ በዚያው አካውንት የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ሊፈታቸው ይችል ነበር፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2024 መከላከያውን ቢያጠናክርም ሰራቂዎቹ መሹለኪያ መፈለጋቸውን አላቆሙም። ከዚህ ሌላ ኩኪ የሚባለውን፣ ድረ ገጽ ውስጥ ገብተው እንደቆዩ የሚመሰክር ፋይል፣ ይወስዳሉ፤ ኩኪው በእጁ ያለ ሰው ቃሉን ሳያውቅ፣ በስልክ የሚላከውን ኮድም ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቃል መቀየር ብቻ አይበቃም፤ በኢሜይሉ የደኅንነት ገጽ ላይ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ የሚለውን መጫን ያስፈልጋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ይህን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ይለዩት። ከዚያ ንጹሕ መሆኑን ከሚያምኑበት ሌላ ኮምፒዩተር ወይም ከስልክዎ ሆነው በቅድሚያ የኢሜይሎቹን ቃል ይቀይሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ መታደሻ ወደ ኢሜይል ስለሚላክ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሁሉንም ይዟል። ቀጥሎ ሰነዶችዎን ብቻ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ የፕሮግራም ፋይል አንድም እንዳይከተል። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሙሉ በሙሉ ፎርማት ተደርጎ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ከማይክሮሶፍት በቀጥታ በወረደ ዊንዶውስ ይጫን። የዊንዶውስ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነስቶ ብዙ ነገር ያጸዳል፤ ቫይረሱን ለማጥፋት ለተማሪ ላፕቶፕ ይበቃ ይሆናል፤ አደራ ለያዘ ኮምፒዩተር ግን እኔ በስካን አልታመንም።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ከሆነ እርሱን ያስጭኑ፤ ካልተቀበለ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሲስተም ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለድረ ገጽ ሥራ ይበቃል፤ ኪፓስኤክስሲም ይሠራበታል። ፈቃዱን ወዲያው መግዛት ባይችሉ እንኳ አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ በማዕዘኑ ላይ ጽሑፍ ያሳያል እንጂ የደኅንነት ማሻሻያ ይደርሰዋል፤ በአክቲቬተር ከተበከለው እጅግ ይሻላል።

አንድ በከተማችን ብዙ የማየው ስሕተት አለ። የሞባይል ዳታ እንዳያልቅ ብለው ሰዎች ግንኙነቱን የተገደበ ብለው ያስቀምጡታል፤ ማሻሻያውም በዚያው ለወራት ይቀራል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባበትን ክፍተት ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ዘግቶት ነበር፤ የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። በወር ሁለት ጊዜ እንኳ የሌሊት ጥቅል ገዝተው ገደቡን ያንሱና ማሻሻያው ይውረድ።

ለወንድምዎ የራሱን አካውንት ይክፈቱለት፤ አድሚኒስትሬተር፣ ማለትም ሲስተሙን መለወጥ የሚችል ተጠቃሚ፣ ግን አይሁን። እርስዎም በየዕለቱ በተራ አካውንት ይሥሩ። የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ ደረሰኝ ተብሎ የመጣ ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን ፕሮግራም የሚለየው በዚያ ነው። አንቲቫይረስ ከዲፌንደር ሌላ አያስፈልግዎትም፤ ሌላ ሲጫን ዲፌንደር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያጠፋል።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን በጥሞና አነበብኩት። እኔ ግን ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ልናገር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ቤታችንን ዘግተን ወጣን፤ ስንመለስ ላፕቶፑ አልነበረም። የይለፍ ቃል አላደረግኩበትም ነበር፤ የኢሜይሌና የልጆቼ ሁሉ ቃል በብሮውዘሩ ውስጥ ተቀምጧል። ስልክ እስኪመለስ ድረስ ምንም መቀየር አልቻልኩም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ማን በእኔ ስም ምን እያደረገ እንደሆነ ሳስብ ነበር የከረምኩት። በካፖርቴ ኪስ የያዝኳት ትንሽ ማስታወሻ ግን ከእኔ ጋር ወጥታ ከእኔ ጋር ተመለሰች። ወረቀትን ቫይረስ አያነበውም። ይህቺን ልጅ ደብተሩን ጣዪ እንዳትሏት እሰጋለሁ።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ የተናገሩት ትክክል ነው፤ በዚያን ጊዜ እዚህ ኮምቦልቻም ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን አጥቷል። ወረቀት በኢንተርኔት ለሚመጣ ሌባ ጥሩ መከላከያ መሆኑን አልክድም። ደብተር ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው፤ በእጅ የሚጻፍ ቃል ከደብተር እየታየ በየቀኑ ሲጻፍ ስለሚያታክት፣ ሰው አሳጥሮ ያወጣዋል፤ ለሁለትና ለሦስት ደንበኛም አንዱን ይደግመዋል። አንዱ ድረ ገጽ በተዘረፈ ቀን ሌባው ያንኑ ቃል በሌሎች ላይ ሁሉ ይሞክራል። ማስቀመጫው ግን ለእያንዳንዱ የተለየ፣ ሃያ ፊደል ያለው ቃል ያወጣል፤ ከብሮውዘሩ ጋር ከተገናኘም የድረ ገጹን ትክክለኛ አድራሻ አይቶ ስለሚሞላ፣ አስመስለው የሠሩት ገጽ ላይ ዝም ይላል። የሰው ዓይን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢዘረፍ ደግሞ የተመሰጠረው ፋይል ተዘግቶ ይቀራል።

የጋሼን ሐሳብ የምወስደው ለዋናው ቃል ነው። እርሱን በወረቀት ጽፈው በታሸገ ፖስታ፣ ከኮምፒዩተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ ያስቀምጡት፤ ኪፓስኤክስሲ ዋናውን ቃል ለረሳ ሰው የሚከፍትበት ምንም መንገድ የለውም።

ዋናውን ቃል ስለ መምረጥ አንድ የእኛን ቋንቋ የሚመለከት ምክር አለኝ። ከምሳሌያዊ አነጋገር፣ ከመዝሙርም ሆነ ከመንዙማ አይውሰዱ፤ ሌላ ሰው የሚያውቀው ሐረግ ለሚገምት ፕሮግራም ቀላል ነው። የማይገናኙ ስድስት ቃሎች በዕጣ ይምረጡ፤ መዝገበ ቃላት ዓይንዎን ጨፍነው ስድስት ጊዜ ገልጠው ጣትዎ ያረፈበትን ቃል መውሰድ ይችላሉ፤ ደስ ያላለዎትን አይለውጡት፤ ዕጣነቱ ይጠፋልና። ከዚያ ቃሉን በግእዝ ፊደል ሳይሆን በላቲን ፊደል ይጻፉት። የግእዝ ኪቦርድ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ላይኖር ይችላል፤ ሀ፣ ሐና ኀ ወይም ሰና ሠ በድምፅ አንድ ስለሆኑም ከስድስት ወር በኋላ በየትኛው እንደጻፉት ይጠፋብዎታል። በላቲን ሲጽፉም ጸን በምን ፊደል እንደሚገልጹ አስቀድመው ይወስኑና በወረቀቱ ላይ ልክ እንዳለ ያስፍሩት።

ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ላይ ይቅዱ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይኑር። ቀድተው ዝም አይበሉ፤ በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተው ይፈትኑት።

ጠያቂዋ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 11 ስላልተቀበለ ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሠንጠረዦቼ ሲከፈቱ መልካቸው ተዛብቶ አስቸግረውኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ወንድሜ የራሱ አካውንት አለው፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽም በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ላይሰካ ተስማምተናል።

ደንበኞቼን አንድ በአንድ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። መናገሩ ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። አንድ አባት ብቻ ተቆጡኝ፤ ትክክልም ናቸው። የአሥራ ሁለቱን ኢሜይልና የግብር ድረ ገጽ ቃል ቀይሬ ከሁሉም መሣሪያዎች አስወጥቻለሁ፤ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ደንበኛዬ ኢሜይል ላይ የሚመጣለትን መልእክት ወደ ሌላ የሚልክ፣ እኛ ያልጨመርነው የማስተላለፊያ አድራሻ ተገኝቶ አጥፍተነዋል፤ እናንተም ይህን ቦታ ተመልከቱ።

ሁለተኛውን ፍላሽ ይዤ በሐረጎ ወርጄ ኮምቦልቻ እኅቴ ቤት ልከፍተው ብሞክር አልከፈት አለኝ። ከአንዱ ቃል ላይ ጸን በሁለት ፊደል ጽፌ በወረቀቱ ላይ በአንድ ፊደል አስፍሬው ኖሯል። ወረቀቱን አስተካክዬ እንደገና ሞከርኩ፤ ተከፈተ፤ ፖስታውንም እዚያው እኅቴ ዘንድ ትቼው መጣሁ። የቀሩት ሁለት ደንበኞች ኢሜይላቸው የተመዘገበው በማይጠቀሙበት አሮጌ ስልክ ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩን ለማስመለስ ሰኞ አብሬያቸው እሄዳለሁ።